ገመና በማን ቋንቋ?

«ገመናችንን በባዕድ ፊት አታውጡብን» የሚለውን ቃል የማያውቅ ስደተኛ የለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በኖርሁባቸው ዓመታት በልቅሶ ቤት፣ በማኅበር ስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው በቅን ልብ ነው። ባል ሚስቱን ሲደበድብ ፖሊስ እንዳይጠራ ይባላል፤ ልጅ በአእምሮ ሕመም ሲሰቃይ ሐኪም እንዳይሰማ ይባላል። «ገመና» በሚል ርእስ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሠርተን ከነቤተሰባችን ተሰብስበን ያየን ሕዝብ መሆናችን እንኳ ቃሉን አላለዘበውም። በቅርቡ ደግሞ አንድ ተውኔት በአማርኛ እንዳይነበብ ተባለ፤ ምክንያቱም ያው ነው። ሙግቴ በዚህ ላይ ነው።

ሙግቱን በወጉ ለማስያዝ ግን መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄጄ የሌላ ስደተኛ ሕዝብ ገመና ውስጥ መግባት ይኖርብኛል። አንባቢ ይታገሠኝ። (ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ሾሌም አሽ በ1880 በፖላንድ፣ ኩትኖ በምትባል ከተማ የተወለደ የይዲሽ ደራሲ ነው። ይዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ የቤትና የገበያ ቋንቋ ነበር። ዕብራይስጥ የጸሎትና የመጽሐፍ ሲሆን፣ እናት የምትቆጣበት፣ ነጋዴ የሚከራከርበት፣ ጎረቤት የሚያማበት ይዲሽ ነው። ግእዝንና አማርኛን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይከብድም። አሽ በ1906፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ሳለ፣ «የበቀል አምላክ» የተሰኘውን ተውኔት ጻፈ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዬኬል የሚባል ሰው በምድር ቤቱ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ከፍቶ ይነግዳል፤ በላይኛው ክፍል ከሚስቱና ከአንዲት ልጁ ጋር በጨዋ ወግ ይኖራል። ሚስቱም ራሷ ከታች የወጣች ናት። ይህ ሰው ከምድር ቤቱ በሰበሰበው ገንዘብ የኦሪት ጥቅልል ያስጽፍና በልጁ በሪቭከሌ ክፍል ያኖረዋል። ንጽሕናዋን እንዲጠብቅለት፣ ለጨዋ ቤተሰብም እንዲድራት ነው። ልጅቱ ግን ደረጃውን ወርዳ ከምድር ቤቷ ከማንኬ ጋር ፍቅር ይዟታል። በሁለተኛው ገቢር ሁለቱ ሴቶች በግንቦት ዝናብ ረጥበው ይገባሉ፤ ጠጉራቸው ውሃ እያንጠባጠበ ሙሽራና ሙሽሪት የሆኑ ያህል ይጫወታሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ዋጋ ያልተቆረጠለት ነገር ይህ ብቻ ነው። የጨዋው ጋብቻ እንኳ በጥሎሽ የሚታሰብ፣ መጽሐፉ ራሱ በገንዘብ የተጻፈ ነውና። አባት ነገሩን ባወቀ ጊዜ አእምሮውን ይስታል፤ ልጁን ወደ ምድር ቤት ያወርዳታል፤ ጥቅልሉንም ውሰዱልኝ ይላል።

አሽ ጽሑፉን በዋርሶ ለታላቁ የይዲሽ ደራሲ ለፔሬትስ ባነበበለት ጊዜ እንዲያቃጥለው መከረው ይባላል። አላቃጠለውም። በ1907 በርሊን ውስጥ በማክስ ራይንሃርት ቲያትር ቤት ታየ፤ ዬኬልን ሆኖ የተጫወተው ሩዶልፍ ሺልድክራውት ነበር። ከዚያ ወዲያ በአውሮፓ ዞረ። በኒው ዮርክም በስደተኞቹ ሠፈር ባሉ የይዲሽ ቲያትር ቤቶች ታየ፤ ጋዜጦቻቸው ተሟገቱበት፣ ተሰዳደቡበትም፤ ተመልካቹ ግን ቲኬቱን እየቆረጠ ገባ። ፖሊስ አልመጣም።

ፖሊስ የመጣው ተውኔቱ እንግሊዝኛ በተናገረ ጊዜ ነው። በታኅሣሥ 1922 በእንግሊዝኛ ትርጉም ግሪንዊች ቪሌጅ ሠፈር በምትገኘው አነስተኛዋ ፕሮቪንስታውን ቲያትር ተጀመረ፤ በየካቲት 1923 ብሮድዌይ ወደሚገኘው አፖሎ ቲያትር ተሸጋገረ። በመጋቢት ተዋናዮቹ በሙሉ ከፕሮዲዩሰሩ ከሃሪ ዋይንበርገር ጋር ነውረኛ ትርኢት በማሳየት ተከሰሱ፤ በግንቦት ጥፋተኞች ተባሉ። ሺልድክራውትና ዋይንበርገር እያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ዶላር ተቀጡ፤ የሌሎቹ ቅጣት ታገደ። ፍርዱ በይግባኝ የተሻረው በ1925 ነው፤ ያን ጊዜ ቲያትሩ ከተበተነ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንዲባልልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ቅሬታውን ያቀረቡት ሰው ማን እንደነበሩ ነው። ጆሴፍ ሲልቨርማን የኒው ዮርኩ የኢማኑኤል ምኵራብ ረቢ የነበሩ፣ የተከበሩ አይሁዳዊ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለተኛው፣ ተውኔቱ ብሮድዌይ ሲገባ ምን እንደተደረገበት ነው። የዝናቡ ትዕይንት ተቆረጠ፤ ማንኬም ልጅቱን የምትወድ መሆኗ ቀርቶ ለንግድ የምታታልላት ሆነች። ይታያችሁ፤ ፍቅሩ ወጥቶ ንግዱ ገባ፤ እንዲህ ሲሆን ለጨዋ ተመልካች የሚሻል መስሏቸው ነበር። የተከሰሱት እንግዲህ ከቆረጡት በኋላ ነው።

በረቢው ላይ መሳለቅ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላደርገውም። ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ከ1920 ጀምሮ የሄንሪ ፎርድ ጋዜጣ አይሁድን የሚያጠለሽ ተከታታይ ጽሑፍ ያወጣ ነበር። በ1921 ኮንግረሱ ስደተኛን በኮታ የሚገድብ ሕግ አውጥቷል፤ የባሰም እየተዘጋጀ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ባለ ሴተኛ አዳሪ ቤት አይሁዳዊ፣ ጥቅልል የሚወረውር አይሁዳዊ፣ ሴት የምታፈቅር አይሁዳዊት በእንግሊዝኛ ብሮድዌይ ላይ ሲወጡ «ጠላት ምን ይለናል?» ማለት የሰው ነገር ነው። በዚህ እስማማለሁ። የማልስማማው በሒሳቡ ነው። ተዋናዮቹ የተፈረደባቸው በግንቦት 1923 ነው። የምሥራቅና የደቡብ አውሮፓን ስደተኛ ከሞላ ጎደል የዘጋው ሕግ የተፈረመው በግንቦት 1924 ነው። መድረኩ በተዘጋ በዓመቱ በሩም ተዘጋ። ፊርማውን ያኖረ ሰው «እነዚህ ገመናቸውን የሚሸፍኑ ጨዋዎች ናቸው» ብሎ ብዕሩን አልመለሰም። የሚጠላህ ሰው ስለ ልጅህ ፍቅር ሰምቶ አይደለም የጠላህ፤ ልጅህን ብትሠዋለትም የሚሰጥህ ምንም የለውም።

አሽ ራሱ በኋላ ዘመን፣ ከናዚዎቹ እልቂት ወዲህ፣ ተውኔቱ እንዳይታይ ከልክሏል። ሕዝቡ የተጨፈጨፈበትን ደራሲ ስለዚህ ልፈርድበት አልደፍርም።

ይህን ሁሉ ታሪክ አሜሪካዊቷ ጸሐፌ ተውኔት ፓውላ ቮገል ሌላ ተውኔት አደረገችው። ስሙ «ኢንዲሰንት» ነው፤ እኔ «ነውር» ብዬ እመልሰዋለሁ። በ2015 በዬል ሪፐርቶሪ ቲያትር ተጀምሮ በ2017 ብሮድዌይ ደረሰ፤ እኔ ያየሁት በ2018 መጨረሻ እዚሁ ዋሽንግተን፣ አሬና ስቴጅ ውስጥ ነው። ስለ ዝግጅቱ ውበት ብዙ ተብሏል፤ ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን የቋንቋ ብልሃቱ ነው። ገጸ ባሕርያቱ በይዲሽ የሚነጋገሩ ሆነው በሚታዩበት ጊዜ ተዋናዮቹ ንግግራቸው እንደ ውሃ የሚፈስስ፣ ቀልዳቸው የሰላ፣ ሐሳባቸው የጠለቀ ነው። እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሆነው በሚታዩበት ጊዜ ግን ያው ሰዎች ይንተባተባሉ፣ ይጎረብጣሉ፣ ሕፃን ይመስላሉ። ታክሲ እየነዳ ምሁር የሆነ፣ ሆስፒታል ወለል እየወለወለች ባለቅኔ የሆነች ዘመድ ያለው ሰው ይህን ትርኢት ለማየት ሐያሲ አያስፈልገውም።

በዚሁ ተውኔት ሪቭከሌን የምትጫወተው ሬይና ማንኬን ከምትጫወተው ከዴይኔ ጋር ከመድረክ ውጭም ይዋደዳሉ። ተውኔቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ሬይና ቅላጼዋ ስላልተወደደላት ትባረራለች፤ በቦታዋ አሜሪካዊት ትገባለች። ሚናዋንም ፍቅረኛዋንም ያሳጣት አንድ ነገር ነው፤ የአፏ አፈታት። ቮገል የስደትንና የዚህን ፍቅር ነገር ሁለት አድርጋ አልተናገረችም። አንዲት ሴት በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ደብዳቤ፣ ከሁለቱም ቤት ስትወጣ አሳየችን። ለምል የተባለው የመድረክ ኃላፊ፣ ልብስ ሰፊ የነበረው፣ ጽሑፉን ይዞ ወደ ፖላንድ ይመለሳል፤ በቮገል ምናብ ሁለተኛው ገቢር በሎጅ ጌቶ ጣሪያ ሥር ለራበው ተመልካች ይታያል። በመጨረሻ መድረኩ ላይ እውነተኛ ዝናብ ይዘንባል፤ ሁለቱ ሴቶችም ያችን ትዕይንት በይዲሽ ይጫወቷታል። አጠገቤ የተቀመጠው ተመልካች አንድ ቃል ይዲሽ የሚያውቅ አልመሰለኝም። እኔም አላውቅም። ማንም ግን ምን እያሉ ነው ብሎ አልጠየቀም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ።

ይህን ሁለተኛ ገቢር ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ፤ ከይዲሹ ሳይሆን አይዛክ ጎልድበርግ በ1918 ካሳተመው እንግሊዝኛ። ከጥቂት ወዳጆች ጋር በመቀመጫ ሆነን እንድናነበው ከወገኖቻችን አንድ አዳራሽ ጠየቅን። የአዳራሹን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ ከአንድ አዳራሽ ይሰፋልና። ጽሑፉን አስቀድመው ያነበቡት ሽማግሌ ሰው አክባሪ፣ መጽሐፍ ወዳጅ ናቸው። ክብር ባለው አነጋገር መለሱልኝ። «ልጄ፥ ሥራው መልካም ነው። ግን በእንግሊዝኛ ለምን አታደርጉትም? ያን ጊዜ ማንም አይናገራችሁም፤ እኔም ቁልፉን እሰጥሃለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ይህችን መልስ ሳላስባት የዋልሁበት ቀን ጥቂት ነው። የኒው ዮርኩ ረቢ ተውኔቱን በይዲሽ ሲሆን ዝም ብለው፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን ከሰሱት፤ የሚፈሩት የባዕድን ጆሮ ነበርና። የእኛ ሽማግሌ በእንግሊዝኛ ሲሆን ይፈቅዱታል፤ በአማርኛ ሲሆን ይከለክሉታል። እንግዲህ የምንፈራው ባዕድ የት ነው ያለው? «በባዕድ ፊት» የምንለው ሰበብ ነበር። ባዕዱ በቋንቋው እንዲሰማ ፈቅደን ወገናችን በቋንቋው እንዳይሰማ ከከለከልን፣ የምንሸፍነው ገመና ከጎረቤት ሳይሆን ከገዛ ራሳችን የተደበቀ ነው።

የዚህ ክልከላ ፍሬም ይታያል። ከእኛ ልጆች መካከል የተመሳሳይ ፆታ ፍቅራቸውን የጻፉ፣ የተጫወቱ፣ የዘፈኑ አሉ፤ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ነው የሚናገሩት። ሌላ መድረክ ስላልተሰጣቸው ነው። ከዚያ በኋላ እኛው ተነሥተን «ይኸው! በእንግሊዝኛ የሚነገር የፈረንጅ ነገር ነው፤ በአማርኛ ስም እንኳ የለውም» እንላለን። አፉን በእጃችን ይዘን ዲዳ ነው ብለን እንመሰክርበታለን።

ስም የለውም የሚባለውን ነገር ከቅርብ አውቀዋለሁ፤ በጥገኝነት ጉዳዮች አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁና። የአሜሪካ የጥገኝነት መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ፣ እንግሊዝኛ የማይችል አመልካች በተለምዶ አስተርጓሚውን ይዞ የሚመጣው ራሱ ነው። የት ያገኘዋል? ከወገኑ መካከል። ያመለጠውን ጆሮ ክፍያ ከፍሎ ይዞ ይገባል ማለት ነው። በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ አመልካች አገሪቱ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያመለክት ያዝዛል። ሠላሳ ዓመት ለእናቱ ያልተናገረውን፣ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ፣ በወገኑ አፍ፣ ለማያውቀው ሹም ይናገር ነው የሚለው። ያም ቢሆን ከቀድሞው ይሻላል፤ ይህችው አገር ከ1952 እስከ 1990 ድረስ እንዲህ ያለውን ሰው በሕግ ከደጇ ትመልስ ነበር።

ስለሰማኋቸው ጉዳዮች ምንም አልናገርም፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ስለ ቃላቱ ግን መናገር እችላለሁ። ሹሙ «ጌይ ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ አስተርጓሚው በአማርኛ ምን ይላል? «ግብረ ሰዶማዊ» ካለ በእሳት የጠፋችውን ከተማ ከነጭሷ አምጥቶ በአመልካቹ ራስ ላይ አፈሰሰ። የመንገዱን ስድብ አልጽፈውም፤ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» የሚለው ይቀራል፤ ትክክል ነው፣ ስድብም የለበትም፣ ግን ከስብሰባ ቃለ ጉባኤ የወጣ ነው፤ ማንም ሰው በሌሊት፣ ብቻውን፣ ራሱን እንዲህ ብሎ አይጠራም።

እነርሱ ግን ቃል አላቸው። እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ። ቃሉን ማን እንደጀመረው አይጠየቅም፤ እንዲህ ያሉ ቃላት ባለቤታቸው ብዙ ነው። ልብ የሚነካው ግን ምርጫው ነው። ሕጉ ወንጀለኛ ይላቸዋል፤ የ1957ቱም የ2004ቱም የወንጀል ሕጋችን ይህን አልለወጠም። ምእመኑ ርኩስ ይላቸዋል። እነርሱ ከቋንቋው ቃላት ሁሉ መርጠው «የዚህ አገር ሰው ነኝ» የሚለውን ወሰዱ። የቃሉንም ታሪክ ለሚወድ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር፤ በቀደሙት የጎጃም የመሬት ሰነዶች ውስጥ «ዜጋ» የሚባለው ርስት የሌለው፣ በባለርስት ጥላ ሥር ያደረ ጥገኛ ነበር። ርስት አልባውን ባለአገር ያደረገ ቃል ነው፤ አሁን ደግሞ ሁለቱንም ትርጉሙን ባንድ ላይ የተሸከመለት ባለቤት አገኘ። እንግዲህ አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ይመልሰው? ሹሙ «ምንድን ነህ?» ሲል፣ አመልካቹ «ዜጋ ነኝ» ሲል፣ አስተርጓሚው «ሲቲዘን ነኝ ይላል» ቢል፣ ጥገኝነት የሚጠይቀው ሰው መዝገብ እዚያው ላይ የሚዘጋ ይመስለኛል።

ይህን ዕዳ አስተርጓሚ ሊከፍለው አይችልም። መዝገበ ቃላትም አይከፍለውም። ቃል ሰውነት የሚያገኘው ሕያው ሰው በሕያው ሰው ፊት ሲናገረው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከመድረክ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። «ነፃነት»፣ «ሕዝብ»፣ «አብዮት» የሚሉትን ቃላት እስኪቆረቁሩን ድረስ ማን አስለመደን? ቲያትር አይደለምን?

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ጨካኝም ታማኝም ነው። በእንግሊዝኛ አንዲት ሴት ለሌላይቱ የምትናገረው የፍቅር ቃል ለወንድ ከሚነገረው አይለይም፤ «ዩ» ማንንም አይገልጥም። በአማርኛ «አንቺ» ስትላት፣ «ሁኚ»፣ «ነዪ» ስትላት በእያንዳንዱ ግስ ጅራት ላይ ሴትነቷ ይሰማል። «ሙሽራ» የሚለው ቃላችን ለወንዱም ለሴቷም ይሆናል፤ ግሱ ግን አይሆንም። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ሙሽራና ሙሽሪት ሲጫወቱ፣ በእንግሊዝኛው ውስጥ ተድበስብሶ ያለፈው ነገር በአማርኛው በግልጥ ቆመ። ለሳምንታት የታገልሁት ከዚህ ጋር ነው፤ በመጨረሻ እንዲቆም ተውሁት። ሽማግሌው በእንግሊዝኛ አድርጉት ያሉኝም፣ ሳስበው፣ ይህን ሰምተው ይመስለኛል፤ ጆሯቸው ጥሩ ነው።

«ወደድኳት» እና «ወደድኩት» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ነው? የአንድ ፊደል ያህል። በዚህች ፊደል ምክንያት ሰው ለእናቱ ስልክ ሲደውል ሃያ ዓመት ሙሉ «እሷ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» ይላል። አጠገቡ ሆኖ ቡና የሚያፈላው ሰው ግን «እሱ» ነው። እንዲህ ያለውን ስልክ የሰማ የተውኔት ደራሲ በመካከላችን ቢኖር ሌላ ምን ይፈልጋል? ድራማ የምንለው ይህን አይደለምን? ወይስ ድራማ የሚሆነው ጋለሞታና ሽጉጥ ሲኖርበት ብቻ ነው?

ባህላችን አይደለም የሚል ይመጣል። ስለ መድረካችን ባህል ከሆነ ጥቂት አውቃለሁ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔታችንን፣ የአውሬዎቹን ኮሜዲያ፣ ባሳዩ ጊዜ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ፤ ስለዚህ ቲያትራችን «አይሆንም» የተባለው ከእናቱ ማኅፀን እንደወጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት መድረክ ላይ መቆሟ ነውር ስለነበር። በቀሚስ የቆመው ወንድ ነውር አልነበረም፤ በገዛ ቀሚሷ የምትቆመው ሴት ነበረች ነውሯ! የዚያን ዘመን ነውር ዛሬ ስንሰማው እንስቃለን፤ የዛሬውን ግን ከደብረ ሲና የወረደ አስመስለን እንይዘዋለን።

ስለ ኃጢአት የሚነሣም አለ። በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም፤ ዐውደ ምሕረቱ የካህናት ነው። የመድረክ መግቢያ ቲኬት በጽድቅ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ያናገረልን ኦቴሎ ወዴት ሊሄድ ነው? ሚስቱን በአልጋዋ ላይ ትንፋሽ አሳጥቶ ይገድላታል። ትውልድ በኩራት አጨበጨበለት፤ ማንም ገመናችን ወጣ አላለም። ሁለት ሴቶች ጠጉራቸውን በዝናብ ሲታጠቡ ግን ቁልፉ ይጠፋል።

በቅኔ ይነገር የሚሉኝም አሉ፤ እነዚህ ይበልጥ ያደክሙኛል፤ ወዳጆቼ ናቸውና። ሰምና ወርቅ አለን፣ በሽፍኑ እንናገር፣ ጨዋ ያልሆነ አይሰማው ይላሉ። ቅኔን እወዳለሁ። ነገር ግን የቅኔ ክብሩ ወርቁ ሲወጣ ነው፤ ተማሪው ተቀምጦ ሲፈታው፣ ጉባኤው «ይበል!» ሲል። ፈቺ የተከለከለበት ቅኔ ግን መዝጊያ ሆኖ ይቀራል። ይህም ቢቀር፣ በነሐሴ 2023 የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን እንፈትሻለን ብለው ጥቆማ ሲጠይቁ፣ በሰም አልተናገሩም። ስደቱ በግልጥ ሲነገር ፍቅሩ ብቻ በሽፍን ይነገር ማለት ምን ዓይነት የአነጋገር ፍርድ ነው?

«አንተስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እስካሁንም አልጠፋም፤ ጥያቄው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከቡና በኋላ ነው። ስለ ሪቭከሌ ለመናገር ሪቭከሌ ነህን? ስለ ዬኬል የተናገረውን ሰው ግን «አንተስ ሴተኛ አዳሪ ቤት አለህን?» ብሎ የጠየቀው የለም። ጥገኝነት የሚሰጠው ሹም ይህን ጥያቄ የመጠየቅ ሥልጣን አለው፤ ስለ መልሱም ወረቀት ይሰጣል። እናንተ ወረቀት የላችሁም፤ ስለዚህ አልመልስም።

ትርጉሙ አልቋል። ሁለት ተዋናዮችም አሉኝ። አንደኛዋ አዲስ አበባ መድረክ ላይ የኖረች፣ ድምፅዋ ከኋላ ወንበር የሚሰማ ናት። ሁለተኛዋ እዚሁ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች ስትሆን አማርኛዋ በየ«ጸ»ውና በየ«ቀ»ው ላይ ይሰናከላል፤ ሪቭከሌን የምታነበው እርሷ ናት፤ አነባበቧንም አላርምም፤ በቅላጼ ምክንያት አንዲት ሪቭከሌ አንድ ጊዜ ተባርራለች፤ ይበቃል። የጎደለን አዳራሽ ነው። ስልሳ ወንበር የሚይዝ፣ ጣሪያው ባልዲ ለማንጠልጠል የሚችል ክፍል ያለው ወገን ካለ ይላክብን። ውሃው ወለሉን እንዳያበላሽ ላስቲኩን እኛው እናነጥፋለን።